ከማን ነፃ?

ፎቶው ላይ አንዲት ሴት አለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተከናንባለች። ቀኝ እጇን ጉንጯ ላይ አሳርፋ ወደ መሬት ትመለከታለች። ከፊቷ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ተደርድሯል። ከኋላዋ ሰው ይተራመሳል፤ እሱ ግን ደብዝዟል፣ የጠራችው እሷ ብቻ ናት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የገበያ ሴት፣ አዲስ አበባ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ደግሞ «በነፃ አውርድ» የሚል ቁልፍ አለ።

ተጫንኩት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። ሥራዬ የስልጠና ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ባለሙያዎች የጻፉትን እቀበላለሁ፣ ቋንቋውን አቀላለሁ፣ ገጹን አስተካክላለሁ፣ ፎቶ አስገባለሁ። ያን ጊዜ የያዝኩት ለገበያ ሴቶች የሚሰጥ የቁጠባና ብድር ስልጠና ማኑዋል ነበር፤ 64 ገጽ። በማግስቱ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። በጀቱ ውስጥ የወረቀት አለ፣ የቀለም አለ፣ የአዳራሽና የሻይ አለ፤ የፎቶ የለም። «ከኢንተርኔት ነፃ ፎቶ ፈልጊ» ተባልኩ። ይህን ያልተባለ ዲዛይነር፣ ብሎገር ወይም አስተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ነፃ ፎቶ መፈለግ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፣ በተለይ ለኛ። ያገኙትን ፎቶ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሰው ሥራ መውሰድ ነው፣ ብዙዎቻችን በየቀኑ ብናደርገውም። እኔ ግን በሕጉ የምሄድ ሰው ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ጎግል ላይ ስፈልግ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቁትን ብቻ እንዲያሳየኝ አጣራለሁ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ እገባለሁ። አንስፕላሽ፣ ፔክስልስ፣ ፒክሳቤይ እዞራለሁ። የትኛው ፈቃድ የአንሺውን ስም መጥቀስ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ለንግድ እንደማይሆን፣ የትኛው ፎቶውን ቀይሮ ማሰራጨት እንደሚከለክል አውቃለሁ። ባልደረቦቼ «ጠበቃዋ» ይሉኛል።

በዚያ ሌሊት በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊት ነጋዴ» ብዬ ስጽፍ የመጣልኝን ልንገራችሁ። የላሊበላ ቄሶች። ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ የኦሞ ልጆች። ጀበና። ግመል። እንደገና ጀበና። «ገበያ» ስል ደግሞ የጋና እና የኬንያ ገበያ መጣ፤ ያምራል፣ ግን የኛ ሴቶች ሽንኩርት በሰፊ ሳህን ጭንቅላታቸው ላይ አይሸከሙም፤ ሰልጣኞቹ ቢያዩት ይስቃሉ። እኔ የምፈልገው ደብተር ላይ ሒሳብ የምትጽፍ፣ ብር የምትቆጥር፣ ከደንበኛ ጋር የምትከራከር ተራ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር። የለችም። ስለዚህ የቅቤዋን ሴት ሳገኝ ዘለልኩ ማለት ይቀላል። ቦታው ሾላ ገበያ መሆኑንም አወቅሁት። ከመገናኛ ብዙም አይርቅም፣ እናቴ ለበዓል ቅቤ የምትገዛው እዚያ ነው።

ገጽ 23 ላይ አስገባኋት። የገጹ ርዕስ «ዕዳ ሲበዛ» ነው። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ የለ! ከዚህ በላይ ዕዳ የሚመስል ምን አለ? የአንሺውን ስም ከሥሩ በትንሹ ጻፍኩ፤ ፈቃዱ ባያስገድደኝም ጻፍኩ። ከዚያ ሕሊናዬ ንጹሕ ሆኖ ተኛሁ።

ስልጠናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አሰልጣኟ ደወለችልኝ። ገጽ 23 ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ፤ ከዚያ ጉርምርምታ። ከሰልጣኞቹ መካከል ሾላ የሚነግዱ ነበሩ። «እንዴ፣ ይህቺ እኮ ቅቤ ተራ ያለችው ናት!» አለች አንዷ። ሌላዋ ትንሽ ዝም ብላ ቆይታ «ዕዳ አለባት እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «የዕቁባችንን ብር እኮ የምትይዘው እሷ ናት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ዕቁብ ውስጥ የሰው ብር የሚይዝ ሰው ከስሙ ሌላ መያዣ የለውም። ባንክ አይደለም፣ ኢንሹራንስ የለው፣ ሕንፃ የለው። «እሷ ጋር ከሆነ ደህና ነው» የሚል የሰው አፍ ብቻ ነው ያለው። እኔ ደግሞ በቀለም አሳትሜ «ዕዳ ሲበዛ» ብዬባታለሁ።

በማግስቱ ማኑዋሉን በቦርሳዬ ይዤ ሾላ ሄድኩ። የሽንኩርቱንና የድንቹን ተራ አልፌ፣ በበርበሬው እያስነጠስኩ ቅቤ ተራ ደረስኩ። ወዲያው ለየኋቸው። «ለየኋት» ልል ነበር፤ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ፎቶው ላይ «እሷ» ነበረች፤ የእናቴን ዕድሜ ከሚያህሉ ሴት ፊት ስቆም «እሳቸው» ሆኑ። ለብዙ ቀን ስክሪን ላይ ሳያቸው አንድ ጊዜ እንኳ አንቱ ብዬ አላሰብኳቸውም።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ።»

«ደህና ልጄ። ለጋ ነው በሳል?»

ማኑዋሉን አወጣሁ። ገና ሽፋኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል።

«አንቺ ነሽ ዕዳ ውስጥ የከተትሽኝ?»

ይቅርታ ከማለቴ በፊት ማብራራት ጀመርኩ፤ ያ ራሱ አንድ ጥፋት ነው። «ፎቶው ነፃ ነው እትዬ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተለቀቀ ነው።»

«ነፃ? ከማን ነፃ?»

«ያነሳው ሰው፣ ማንም ይጠቀምበት ብሎ ሰጥቶት…»

«እሱ የኔን ፊት ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጠው?»

መልስ አልነበረኝም። ማን እንዳነሳቸው፣ መቼ እንዳነሳቸው እሳቸውም አያስታውሱም። «ስንቱ ያነሳል» አሉ። «ፈረንጁም ያነሳል፣ የኛም ልጆች ያነሳሉ። ደንበኛ ይዤ ማንን አያለሁ?» ከዚያ ማኑዋሉን ከእጄ ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት። ድንገት ሳቁ። ሳቁ ለኔ አልነበረም፤ ከጎናቸው ለተቀመጠችው በርበሬ ሻጭ ነበር። «ነይ እይ እስቲ፣ ስልክ እያወራሁ እኮ ነው!»

ስልክ። ከነጠላው ሥር፣ በእጃቸውና በጉንጫቸው መካከል ስልክ ነበር። ቤት ገብቼ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው የስልኩ ጠርዝ በጣቶቻቸው መካከል በግልጽ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ከሸኖ ቅቤ ከሚልክላቸው ሰው ጋር ዋጋ ይነጋገራሉ። የኛ ማኑዋል ገጽ 41 ርዕሱ «ከአቅራቢ ጋር የዋጋ ድርድር» ነው። እኔ የዕዳ ምስል ያደረግኋት ሴት ገጽ 41ን እየሠራችው ነበር።

«ከማን ነፃ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። በአማርኛ «ነፃ» ብዙ የሚሸከም ቃል ነው። የማይከፈልበት ነገር ነፃ ነው። በማንም የማይታዘዝ ሰው ነፃ ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አይደለም ያለው ሰውም «በነፃ ተሰናበተ» ይባላል። ያቺ የማውረጃ ቁልፍ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር፦ አትከፍይም፣ የፈለግሽውን አድርጊበት፣ ጥፋትም የለብሽም። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው በከፊል። ሦስተኛውን ለመስጠት ግን ድረ ገጹም፣ አንሺውም ሥልጣን የላቸውም።

ገበያው ራሱ በነፃ የሚሰጥ ነገር ያውቃል። ምርቃት ይባላል። ቅቤው ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ሻጯ በማንኪያ ጫፍ ጨመር ታደርጋለች፤ ቲማቲም ከሆነ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። «መርቂልኝ እንጂ» ብሎ መለመንም ነውር የለውም። ምርቃት ዋጋ የለውም፤ ሰጪ ግን አለው። ከማን እጅ እንደወጣ ይታወቃል። ደግሞ ማንም የጎረቤቱን ቲማቲም አንስቶ አይመርቅም።

የፎቶ ፈቃድ ላይ ይሄ ነው የሚምታታው። ፎቶግራፍ አንሺ የሚሰጠው የራሱን ነው፤ ማለትም ፎቶው ላይ ያለውን የቅጂ መብት። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያወጣ የፈታው ችግር ይህ ነበር፤ ሥራውን ለሌሎች ማካፈል የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ጠያቂ በተናጠል ሳያነጋግር አስቀድሞ «ተጠቀሙ» የሚልበት መንገድ ሠራ። ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው። ፈቃዶቹን እስከ ታች ላነበበ ግን ጉዳዩ የተደበቀ አይደለም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ 4.0 ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው በምስሉና በግል ሕይወቱ ላይ ያለው መብት የፈቃዱ አካል እንዳልሆነ ይናገራል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ሰው የሚለይባቸው ፎቶዎች ሥር ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ማሳሰቢያ ይለጥፋል። ፔክስልስም የሚታወቅ ሰውን በመጥፎ ገጽታ ማቅረብ አይቻልም ይላል። እኔ «ጠበቃዋ» ይህን ሁሉ አንብቤ አልፌው ነበር። የማስታወቂያ ኤጀንሲዎች ጉዳይ መስሎኝ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የሆነ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ቴክሳስ የምትኖር አንዲት ታዳጊ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር መኪና እያጠቡ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከመካከላቸው አንድ ሰው ያነሳታል፤ ፎቶውን ፍሊከር ላይ፣ ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም በሚጠቀምበት ፈቃድ ይለጥፈዋል። ቨርጂን ሞባይል አውስትራሊያ አግኝቶት ማስታወቂያ ላይ አወጣው፤ ማስታወቂያው የብዕር ጓደኛን በሚያላግጥ ቃል የታጀበ ነበር። ቤተሰቧ ከሰሰ። መጀመሪያ ክሪኤቲቭ ኮመንስም አብሮ ተከሶ ነበር፤ በእሱ ላይ የቀረበው ክስ በኋላ ተነሳ፣ ኩባንያው ላይ የቀረበውም የቴክሳሱ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለኝም ስላለ ሳይዳኝ ቀረ። እኔን የገረመኝ የፍርዱ ነገር አይደለም። ከአንሺው እስከ ኩባንያው ባለው ሰንሰለት ውስጥ ፈቃድ አለ፤ ልጅቷ ግን ሰንሰለቱ ውስጥ የለችም። የቅቤ ነጋዴዋም እንደዚሁ።

እኛ አገር ሕግ የለም እንዳትሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ አይቻልም ይላል። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስልካችን ውስጥ ካሜራ ከመግባቱ በፊት፣ ኢንተርኔት ከመታሰቡ በፊት። ግን አንቀጽ 28 ደግሞ አለ፤ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ፍትሕና ፖሊስ ከጠየቁት፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ።

ለትምህርት! በአደባባይ! ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። የስልጠና ማኑዋል ትምህርት ነው፤ ሾላ ገበያ አደባባይ ነው። የአንሺው ፈቃድ በእጄ ነው፣ የሕጉ አንቀጽም በእጄ ነው። ከዚያ እፎይ በማለቴ አፈርኩ። ምክንያቱም የተከራካሪ ደስታ ነበር የተሰማኝ፤ እና ክርክሩን ባሸንፍ እንኳ ዕቁብተኞቹ ልብ ውስጥ የገባውን «ዕዳ አለባት እንዴ?» አንቀጽ 28 አያወጣውም።

ሥራውን የሰጠኝ ሰው «ለንግድ እኮ አይደለም፣ ሴቶቹን ለመጥቀም ነው» አለኝ። ይህን ክርክር ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች ከሞት አፋፍ ላይ የቀረጿት የሕፃኗ ብርሃን ወልዱ ፊት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለዓለም ታየ። ያ ምስል ገንዘብ አምጥቷል፣ ሰው አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ብርሃን ተርፋ፣ አድጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ቆማ ታይታለች። እኔ የተወለድኩት ከረሃቡ ብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ውጭ አገር ስብሰባ ላይ አገሬን ስናገር ግን ያ ዘመን በሰዎች ዓይን ውስጥ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሕፃን ፈቃድ ልትሰጥ አትችልም፤ የሞት ጉዳይ ሲሆን ጊዜም የለም። እሺ። የእኔ ገጽ 23 ግን የሞት ጉዳይ አልነበረም። የአንድ ቀን ጊዜና የሚኒባስ ታክሲ ብር ነበር የሚፈልገው። «ለበጎ ዓላማ» የሚለው ቃል ለከባዱ ቀን የተቀመጠ ነው፤ እኔ በዘወትር ቀን ለስንፍናዬ አወጣሁት።

አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ በኤአይ ሥሪው» አለኝ። ሞከርኩ። ቆንጆ ሴት መጣች፤ ቅቤዋ አይስክሬም ይመስላል፣ የነጠላዋ ጥለት በየት በኩል እንደዞረ እግዜር ይወቀው። ማንንም አትጎዳም አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ያ ፊት የተሠራው ካልተጠየቁ ስንት ሺህ ፊቶች እንደሆነ ሳስብ፣ አንድ ሰው ሳይጠይቁ ከመውሰድ ሁሉንም ሳይጠይቁ ወደ መውሰድ የተሻገርኩ መሰለኝ።

የሚከብደው ሌላው ወገን ነው፣ እሱን እስካሁን አልፈታሁትም። ፎቶ የሚያነሳ አንድ ወዳጄ «እያንዳንዱን ሰው እየጠየቅሽ የጎዳና ፎቶ የሚባል ነገር የለም» ይለኛል። እውነት አለው። እኛ በይሉኝታ ስንቀመጥ ቱሪስቱ አይቀመጥም። ነፃ የፎቶ ቋቶቹ በላሊበላ፣ በኦሞና በጀበና የተሞሉት ለዚህ ነው፤ ያነሳቸው ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው ነው፣ የሳበውንም አነሳ። ሒሳብ የምትጽፍ ነጋዴ አልሳበችውም። ዊኪ ላቭስ አፍሪካ የተባለው የፎቶ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አፍሪካውያን የራሳቸውን ኑሮ ራሳቸው አንስተው በነፃ እንዲለቁ የሚጋብዘው ይህን ጉድለት አይቶ ነው። እኔም ማንሳትና መልቀቅ እፈልጋለሁ። ቀጣይዋ የማኑዋል አዘጋጅ በሌሊት ስትፈልግ የኛን ገበያ እንደሆነው እንድታገኘው እፈልጋለሁ። ግን ከለቀቅሁ በኋላ እኔም አዛዥ አይደለሁም፤ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይነሳም። እኔ «የዋጋ ድርድር» ብዬ የለቀቅሁትን ሌላው «ዕዳ ሲበዛ» ሊለው ይችላል። እኔ ራሴ ያደረግሁት ይህንኑ አይደል?

የብዙ ሰው ግርግር እና የአንድ ሰው ፊት አንድ እንዳልሆኑ ግን አሁን ይገባኛል። ገበያውን ከሩቅ ማሳየት ሌላ ነው፤ አንዲት ሴት ለይቶ ከላይዋ ርዕስ መጻፍ ሌላ ነው። ርዕሱ ነው የከበደው። «ቅቤ ተራ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምናልባት እትዬ ሥቀው ያልፉኝ ነበር።

የታተሙት ማኑዋሎች ተሰራጭተው ነበር። ላልወጡት ተለጣፊ ወረቀት አሠርተን ገጽ 23ን ሸፈንን፤ የወጡትን አሰልጣኟ በቻለችው እየተከታተለች ለጠፈችባቸው፣ አዳራሹ ውስጥም የተሳሳትነው እኛ እንደሆንን ተናገረች። ለፎቶግራፍ አንሺው ጻፍኩለት፤ ስልኩን ነገርኩት። እስካሁን መልስ የለም። ፎቶው እዚያው ነው፣ ቁልፏም እዚያው ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። ገጽ 41 ላይ ሊገቡ ፈቃደኛ እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን የእኔን ሳይመልሱ የራሳቸውን ጠየቁ፦ «የት የት ይሄዳል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ለማኑዋሉ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ልለቀው እችላለሁ፣ እንደሱ ከሆነ ሌሎችም ይጠቅማቸዋል፤ ግን ከሄደ መመለስ የለም፣ ማን ምን እንደሚጽፍበትም አላውቅም። በርበሬ ሻጯ «ልቀቂው በይ፣ ታዋቂ ትሆኛለሽ» አለቻቸው። እትዬ ቅቤውን በቢላ ጠርዝ እያስተካከሉ አሰቡ። እኔ በልቤ እሺ እንዲሉ እፈልግ ነበር፤ አልደብቅም።

«አንቺን አሁን አወቅሁሽ» አሉ። «ጥፋትሽን ይዘሽ መጣሽ። ሌላውን ምን አውቀዋለሁ? ለወረቀትሽ ይሁን። ለዓለም አይሆንም።»

ስለዚህ ያ ፎቶ ነፃ አይደለም። ከገጽ 41 በቀር የትም የለም፣ እዚህም አላያይዘውም። ሲታጠብ አንድ ቅጂ እንዳመጣላቸው፣ ለዕቁብተኞቹ የሚያሳዩት መሆኑን ነግረውኛል።

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ነጠላውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ክንዳቸውን ከፍ አደረጉት።

«ስልኩ ይታያል?»

«ይታያል እትዬ።»